ጥላውን የሚጎትተው መስኮት

ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ ስክሪን በጥፊ መምታት ነበር። አትሳቁ። ከዚያ በፊት የኖርኩት ቴሌቪዥን በመጠገን ነው፤ ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን ደግሞ ጎኑን አንዴ ሲያቀምሱት አደብ ይገዛል። የሱቁ ባለቤት ኡስታ ኢድሪስ የሚርገበገብ ስክሪን ፊቴ አስቀምጦ «እስቲ እየው» ሲለኝ እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ። ሥዕሉ ቀጥ አለ።

«ያ ታደሰ፣ ይሄ አህያ አይደለም!» አለኝ ኡስታ።

«ግን ተሻለው።»

ከኋላ ዞሮ ገመዱን አሳየኝ። ላልቶ ኖሯል፤ ጥፊዬ ወደ ቦታው መለሰው። ኡስታ ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ «ይህን ሕክምናህን ደንበኛ ፊት እንዳታደርገው» አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

በሱዳን ጥገና ቤት ማዕረጉ የታወቀ ነው። ሲገቡ «ሰቢ» ይባላሉ፣ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ «ፈኒ»፣ ባለሙያ። ከሁሉ በላይ ኡስታ። እኔ ሃምሳን ተሻግሬ፣ ፀጉሬ ተሰናብቶኝ፣ ልጅ ሆኜ ገባሁ። ደንበኛ «ልጁ የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ ወገቤን ይዤ ከጠረጴዛ ሥር ብቅ እል ነበር። ብዙዎቹ ደንግጠው «ይቅርታ ሐጅ» ይሉኛል።

ፈኒ ለመሆን ሁለት ነገር መልመድ ነበረብኝ። አንደኛው አቧራ ነው። ካርቱም ውስጥ ማሽን ምንም ይሁን ምን የጠጋኙ የመጀመሪያ መልስ «አቧራ ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ተነሥቶ ከተማውን ቀይ ካደረገ በኋላ ከአንድ ኮምፒውተር ሆድ የወጣ አፈር ጎመን ያበቅላል። ሌላው ግማሽ ግን ጨዋነት ነው። ጥፋቱ የደንበኛው ከሆነ ደንበኛው ያፍራል፤ የእኛ ከሆነ እኛ እናፍራለን። «አቧራ ዘመድ የለውም» ይል ነበር ኡስታ፤ «ብትወቅሰው የሚቆጣለት የለም።»

ሁለተኛው ሲዲው ነው። ድራይቨር ማለት፣ ለማያውቅ፣ በኮምፒውተሩና በሥዕል ካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ያኔ ከአምራቾቹ ገጽ ማውረድ ለእኛ አገር ዝግ ስለነበር፣ የድራይቨር ሁሉ ስብስብ ነው የተባለ አንድ ሲዲ እየተገለበጠ ከሱቅ ሱቅ ይዞር ነበር። ኡስታ ደጃፉን የረገጠ ማሽን ሁሉ ሲዲውን ሳያቀምሰው አይሸኝም። ማሽኑ ጤነኛ ቢሆንም ያው ነው፤ እንደ ምርቃት ነበር የሚያየው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጀሪፍ ከሚባለው ሰፈር ተደወለ። ሐጅ ዑስማን የሚባሉ የማተሚያ ቤት ባለቤት ናቸው። ማሽናቸው በቅርቡ ማራገቢያ ሊቀየርለት እኛ ጋ መጥቶ ነበር። ብሎን መፍቻዬን፣ አቧራ መንፊያዬንና ፍላሼን ይዤ፣ በሚኒባስና በሪክሻ ተናውጬ ደረስኩ።

በማሽኑ የምትሠራው ሳልማ ናት። እናቷ የጎንደር ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ ዴም ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ የሠርግ ካርድ የምትነድፍ። «ዐሚ» ነው የምትለኝ፣ አጎቴ ማለት ነው፤ አንቱታ አታውቅም፤ እኔም ከእሷ አልጠብቅም።

«ዐሚ ታደሰ፣ ተዓል፣ ና እየው! ዊንዶው ስጎትት ጥላው ይከተላል። ሜኑ ስከፍት ጥቁር ይሆናል። ማሽኑ አበደ፣ ወላሂ!»

እውነቷን ነው። አንዱን መስኮት ስትጎትተው የራሱን ቅጂ እንደ ቀሚስ ጭራ ከኋላው እየዘረጋ ይሄዳል።

ሐጅ ዑስማን ከጀርባችን ቆመዋል። «ማሽኑ አላበደም፤ እሷ ናት ያሳበደችው» አሉ። «መስኮቱ እንደ መስታወት እንዲያሳይ፣ እንዲወዛወዝ፣ ጥላ እንዲኖረው አደረገች። የሥዕል ካርዱን አቃጠለችው። የሙሽራው የሠርግ ካርድ እስከ ሐሙስ ካልወጣ ሐሙስ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ።»

እሳቸው ፈቀቅ ሲሉ ሳልማ በአማርኛ አንሾካሾከች። «ዐሚ፣ ቢያባርረኝ መባረሩ አይደለም የሚያስፈራኝ። ‹ማሽን አቃጠለች› ከተባለ ጀሪፍ ላይ የትኛው መጥበዓ፣ የትኛው ማተሚያ ቤት ያስገባኛል?»

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ ካርዱ መሞቱን እንወቅ። ሳይሞት ተዝካር አይበላም።»

ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ዊንዶውስ ገና ሳይጀምር የሚመጣው ጥቁር ገጽ ላይ ያሉት ፊደሎች ጥርት ያሉ ናቸው። ካርዱ ቢቃጠል ኖሮ እዚያም ነጠብጣብ በታየ። ቀጥዬ የተበላሸውን ስክሪን በማሽኑ በራሱ ፎቶ አነሣሁና በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወሰድኩት። ጥቁሩ ሜኑ ፎቶው ላይም አለ። እንግዲያው ስክሪኑም ገመዱም ንጹሕ ናቸው። በመጨረሻ ማሽኑን በሴፍ ሞድ ከፈትኩት፤ ይኼ ሁሉን ትቶ በመሠረታዊው ድራይቨር ብቻ የሚሠራበት መንገድ ነው። ስክሪኑ እንደ እኔ አስቀያሚ ሆነ፣ ግን ምንም አልጎተተም።

ድራይቨሩ ነው። የማን ድራይቨር እንደሆነም አውቄያለሁ።

እዚህ ላይ ብልጥ ልሁን አልኩ። ወደ ተራው አከፋፈት መልሼው ብልጭልጩን ሁሉ አጠፋሁ። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ሐጅ ዑስማን እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አላልኩም? ጌጡ ሲጠፋ ዳነ! እሷ ናት!»

ላድናት መጥቼ ምስክር ሆንኩባት። ሳልማ ያየችኝን አስተያየት ዛሬም ራሰ በራዬ ላይ ይሰማኛል።

«ሐጅ፣ ይስሙኝ» አልኩ። «እግሩ የተሰበረ ሰው ሲቀመጥ አያነክስም። ጌጡ ካርዱን ስለሚያሠራው ስብራቱን አሳየ እንጂ አልሰበረም።»

«ታዲያ ማን ሰበረው?»

ለኡስታ ለመደወል ወደ ውጭ ወጣሁ። ነገሩን ነገርኩት፤ ሲዲው ለዚህ ካርድ የማይሆን፣ ለአዲሶቹ የተሠራ ድራይቨር እንደጫነበት።

«ታደሰ፣ አቧራ በል» አለኝ።

ተመለስኩ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝና «ሐጅ፣ እዚህ ቤት ማሽኖቹን ከአቧራ የሚጠርገው ማነው?» አልኩ።

«ሳልማ ናታ! ሌላ ማን አለ?»

«አቧራ ነው» ማለቱን ተውኩት። ለካ እዚህ ቤት አቧራም ዘመድ አለው።

ከዚያ በኋላ እውነቱን ሳላሳይ ወይ ፍንክች አልኩ። ትክክለኛውን ድራይቨር አስገብቼ፣ ጌጡን ሁሉ እንደነበረ መልሼ፣ ስክሪኑ ጸድቶ ሐጅ በዓይናቸው ካላዩ በቃል ብቻ አያምኑም። ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለሻውን ብሞክር እምቢ አለ፤ የእኛ ሲዲ የድሮውን ጠርጎ ነው የሚገባው። ከአምራቹ ገጽ ለማውረድ ብሞክር ለአገራችሁ አይፈቀድም አለኝ።

«ካርዱ ሲገዛ ከነካርቶኑ አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኩ።

ካርቱም ውስጥ ካርቶን የሚጥል ሰው የለም። ሳልማ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ አገኘችው፤ የወረቀት ናሙና ተሞልቶበታል። ከካርዱ ጋር የሚመጣው ሲዲ ግን የለም። ስንፈልግ፣ ስንፈልግ፣ እኔ ነኝ ያየሁት፤ የሐጅ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር።

«ሐጅ፣ ከፈቀዱ ብርጭቆዎን…»

በሳሙና አጠብኩት። ማሽኑ ማንበብ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። ሳልማን የጥርስ ሳሙና ጥግ ካለው ዱካን ገዝታ እንድታመጣ ላክኋት። «ለጥርስህ ነው?» አለችኝ። የቀሩኝን ጥርሶች ታውቃቸዋለች። ጭረቱን ከመሀል ወደ ዳር እየቀባሁ አሸሁት፣ አጠብኩት፣ በሸሚዜ አደረቅኩት። እንደገና ቆመ። እንደገና አሸሁ። በስተኋላ እያጓራ፣ እየተንተባተበ ጨረሰ።

የእኛን ድራይቨር አስወግጄ የድሮውን ጫንኩ። ከዚያ ሳልማን «ጌጥሽን ሁሉ መልሺ» አልኳት። መስታወቱን፣ ጥላውን፣ መወዛወዙን ከፈተች። መስኮቱን ያዘችና ጎተተች። ብቻውን ሄደ።

ሐጅ ዑስማን ራሳቸው ማውሱን ተቀብለው ከዳር እስከ ዳር ጎተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ካልሆነች ማነው?»

«እኛ ነን፣ ሐጅ። የእኛ ሲዲ ነው። ማራገቢያ ልንቀይር ተቀብለነው ያልታዘዝነውን ጨመርንበት። ሳልማ ምንም አላጠፋችም።»

ሐጅ ይቅርታ አልጠየቋትም፤ እንዲያ ያለ ሰው አይደሉም። «ሳልማ፣ የሙሽራው ካርድ የት ደረሰ?» ብቻ አሉ። እሷ ግን ገብቷታል፤ ወንበሯን ወደ ማሽኑ ሳበች። ካርዱ ከሐሙስ በፊት ወጣ።

ኡስታ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። በማግስቱ ፉል ስንበላ ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ቤቴን አፈረስክ» አለ። ቤቱ አልፈረሰም። ሐጅ ዑስማን ማሽን መላካቸውን አላቆሙም፤ ሲልኩ ግን «የታዘዛችሁትን ብቻ» ብለው ያስነግሩ ነበር። ኡስታም የካርዱን ስም ሳያነብ ሲዲውን ማስገባት ተወ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይኸው ነው። የስክሪን ጌጥ ሲበላሽ ማሽኑን በመሠረታዊው ድራይቨር ክፈቱ። ከጸዳ፣ ሰውየውን «ምን ነካካህ?» ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁ ምን እንደጫናችሁ ጠይቁ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ሠራተኛውም በሚሰማበት ንገሩት።