የእምነት አባት ስም

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በለጥሽ ልጇን ይዛ ፍርድ ቤት ውስጥ ካለው የልጆች ቀለብ ቢሮ ቀረበች። ባሏ ሽጉጤ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሌላ ሱቅ ከፍቶ፣ ሌላ ሴት ይዞ ከቀረ ዓመት አልፎታል። እሷ ትሠራበት የነበረው፣ ጻካኔ ያለው ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ በወረርሽኙ እገዳ ሲዘጋ፣ የአምስት ዓመቷ እምነት ከጎረቤት ቤት መብላት ጀመረች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ሽጉጤን ሦስት ጊዜ መከሩት። ሦስት ጊዜ «እሺ» አለ፤ እሺታው ግን ከበር አላለፈም።

«ገመናሽን ለመንግሥት አታውጪ» ያሏት ብዙ ናቸው። ጎረቤቷ ካሳነሽ ብቻ፣ «ጠበቃ አያሻሽም፣ አያስከፍሉሽም፤ አስተርጓሚሽ እኔ ነኝ» አለቻት።

ሽጉጤም በመጥሪያው መጣ።

«በለጡ፣ በሰው አገር ልታሳስሪኝ ነው?»

«እሺ ማለት ስታበዛብኝ ነው የመጣሁት።»

የቢሮው ሠራተኛ የልጅቱን የልደት ወረቀት ደጋግማ አየች። ልጅቱ እምነት ሽጉጤ፤ እናቲቱ በለጥሽ ማናሴ፤ ሰውየው ሽጉጤ ሀቢሶ።

«ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም! ልጅቱ ሀቢሶ አልተባለችም። አባቷ እሳቸው መሆናቸው ካልተረጋገጠ የደም ምርመራ ይታዘዛል። በዚህ ወረርሽኝ ስንት ወር እንደሚፈጅ እንጃ።»

ካሳነሽ የአገሯን የስም ልማድ ላስረዳ ብትል፣ እንግሊዝኛው መንገድ ላይ ጥሏት ሄደ። በለጥሽ ክው አለች። ሽጉጤ ከቀለቡ ለማምለጥ ዝም ቢል ይበቃዋል፤ ዝምታ ደግሞ ያውቅበታል።

«ታዲያ ይህ ሽጉጤ የተባለው ሌላ ሰው ነው?» አለች ሠራተኛዋ።

ሽጉጤ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ምን ሌላ ሰው? ሽጉጤ እኔ ነኝ! እኛ ዘንድ ልጅ የምትጠራው በአባቷ ነው፣ ሀቢሶ አያቷ ነው! በቁሜ ልጄን ለማን ልትሰጪብኝ ነው?»

ካሳነሽ ሳቋን ዋጠች። «እንዳለ ልተርጉምላት?»

ሽጉጤ አባትነቱን በገዛ አፉ እንደመሰከረ ያን ጊዜ ገባው። እምነትን ትክ ብሎ አያት። ቀስ ብሎም ተቀመጠ።

«ተርጉሚላት» አለ።

ሠራተኛዋ የቀለብ ስምምነቱን ጻፈች፤ እሱም ፈረመ፤ በሳምንቱ ዳኛው አጸደቁት። ከዚያ ወዲያ ቀለቡ ሲዘገይ የሚጠይቀው ቢሮው ሆነ። በለጥሽ ከልመና ዐረፈች። ሽጉጤ ሲደውል የምትነግረው ስለ እምነት ነበር፦ ጥርሷ እንደተነቀለ፣ በዙሉ መቁጠር እንደጀመረች።