የመጀመሪያው ቁና

ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ የመጀመሪያውን ቁና ከአውድማው ሞልተው፣ በጋቢያቸው ሸፍነው ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ባዶውን ቁና ይዘው ሳይመለሱ ከአዲሱ እህል በቤታችን የሚቀምስ የለም።

«ዛሬስ ቆዩ፤ ካህናቱ በጠላ ያዙዎት?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ሴት፣ የሰጡትን ማውራት መልሶ መቀበል ነው» ይሉና ይስቃሉ።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም። ቁናውን እኔ ሞልቼ ወደ ደብራችን ወሰድኩት። የነፍስ አባታችን አይተው ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ እሳቸው እዚህ ቁና ይዘው መጥተው አያውቁም» አሉኝ።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለማን ነበር? ጎረቤቱን ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለም። ልጄ «እማዬ፣ ለነዳይ ስጪውና እንብላ» ትላለች። መስጠቱስ መልካም ነው፤ ግን የሚጠብቃቸው ሰው ቢኖርስ?

ዛሬ ጠዋት ቁናውን ተሸክሜ በሄዱበት መንገድ ሄድኩ። ከደጃፌ ሆኜ ስሸኛቸው ከዓይኔ የሚሰወሩት ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ነበር። እዚያ ስደርስ መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብራችን ያደርሳል፣ አንዱ ወደ ጉና ይወጣል፣ ሌላው ወደ ቆላው ይወርዳል። ቁናውን አስቀምጬ ቆምኩ። ለካ እኔ ባለቤቴን የማውቃቸው እስከዚህ ድረስ ኖሯል።