ከጅዳ ለኢብሬ የሱቅ ብር

ከአገር የወጣሁት ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ለእኔ ግን መሄዴ የጀመረው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ኬሚሴ ማረሚያ ቤት በር ላይ ነው። ለወንድሜ ለኢብሬ የመጨረሻውን ስንቅ ይዤለት ሄጄ ነበር። ኢብሬ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ከሰንበቴ ማሽላ ጭኖ ሲመለስ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ገጨ፤ ሰውየው ሞቱ፤ እሱም አምስት ዓመት ተፈረደበት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታችን ለሟች ቤተሰብ ካሳ በሬዎቹን ሸጦ ባዶ እጁን ሲቀር፣ ዐረብ አገር መሄድ የእኔ ዕጣ ሆነ።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወጡን በማንኪያ እያገላበጠ፣ «ነገስ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» አለኝ። በየቀኑ ስለሚያየኝ ተላምደን ነበር።

«ነገ መንገደኛ ነኝ። ጅዳ ልሄድ ነው።»

ማንኪያውን አቆመ። «ታዲያ ለእሱ ማን ያመጣለታል?»

ኢብሬ ግን ይህን አልጠየቀኝም። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «እታለም፣ አታስቢ። እዚህ ውስጥ ሱቅ አለ፤ ብር ካለ ሳሙናውም ዘይቱም ስኳሩም ይገኛል» አለኝ። እኔን ለማጽናናት ብሎ ነው። እኔ ግን ያችን ነገር ይዤ ወጣሁ፤ ስንቅ ማመላለሱ ቢቀር የሱቅ ብር አይቀርበትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ወገኖቼ፣ እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። የጨፋን ፀሐይ የለመደ ሰው ሙቀት አይፈራም ብዬ ነበር። የጅዳው ሌላ ነው፤ እርጥብ ብርድ ልብስ አከናንበው ደጅ ያቆሙህ ያህል ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ማቀዝቀዣው ሳያርፍ ስለሚነፍስ ሹራብ ለብሼ ነበር የምሠራው። የበሩ ቁልፍ አሠሪዬ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ብቻዬን ከበር አልወጣም። ምግቡ ዛሬም ሩዝ፣ ነገም ሩዝ። «ኢብሬ እንኳ እስር ቤት ሆኖ እንጀራ ይበላል» ብዬ የቀናሁበት ቀን አለ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በወር አንዴ ሹፌሩ ገንዘብ መላኪያው ቤት ያደርሰኛል። የመጀመሪያ ቀን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ «ገንዘቡ ለምን የሚውል ነው?» ሲለኝ፣ በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ለሳሙና» አልኩት።

«ለሳሙና? የስንት ሰው ሳሙና ነው?»

«የአንድ።»

«ይህ ሰው ምን ያህል ቢቆሽሽ ነው?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መኪናው ውስጥ ስገባ ግን አለቀስኩ። ብሩን የሚቀበሉልኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሼህ ሙሄ ነበሩ። እሳቸው ማረሚያ ቤቱ ድረስ ወስደው ለሱቁ በኢብሬ ስም ያስመዘግቡልኛል።

ለማዳም ወንድሜ ታስሯል ማለት ፈራሁ። የእስረኛ እህት ወርቅ ካለበት ቤት ማን ያስቀምጣል? «አዳሪ ትምህርት ቤት ነው» አልኳት።

«መቼ ይመረቃል?»

«ገና አራት ዓመት ይቀረዋል።»

«ለዕረፍት እንኳ ቤት አይመጣም?»

«አይለቁትም።»

«ማሻ አላህ! ጠንካራ ትምህርት ቤት ነው» አለች።

አርብ አርብ ማዳም እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ልብስ ማስጫው ሰገነት ላይ ወጥቼ እደውላለሁ። ስልኩ ያለው እስር ቤቱ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የሚያነሳውም ሱቁን የሚሠራው አሊ የሚባል ታራሚ ነው። «አከም ጅርታ፣ እታለም?» ብሎ ሰላም ይለኝና፣ «ኢብሬ! ጅዳ!» ብሎ ይጣራል። ግቢው ይቀባበለዋል፤ «ጅዳ! ጅዳ!» ሲባባሉ ይሰማኛል። ከዚያ ወንድሜ እያለከለከ ይመጣል። ስኳር መግዛቱን፣ ጠያቂ ለሌላቸው አንድ አዛውንት ማካፈሉን፣ ጨፋ ላይ ዝናብ መጣሉን ይነግረኛል። ቀጥሎ፣ «አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ? ማን አጫወተሽ?» ይለኛል። በዚያ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመቴ አንድ አርብ ስደውል አሊ አልተጣራም።

«አልነገረሽም እንዴ? ማክሰኞ በአመክሮ ተፈታ እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩት።

«የተረፈውን ሳሙናና ዘይት አከፋፍሎን ነው የወጣው። አንቺ ግን አትጥፊ፣ እታለም፤ ድምፅሽን ለምደነዋል።»

ለማዳም «ተመረቀ» አልኳት። ደስ ብሏት አንድ ሳህን ጣፋጭ ሰጠችኝ፤ ወጥ ቤት ቆሜ ብቻዬን በላሁት።

ስልክ ሲገዛ ይደውላል ብዬ አንድ አርብ ጠበቅኩ። ሁለተኛውም፣ አምስተኛውም አለፈ። በመጨረሻ ቁጥሩን ከሼህ ሙሄ ተቀበልኩ። «አትቀየሚው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እህል የሚያስጭን ሥራ ይዟል። ሰው ከዚያ ሲወጣ የሚሯሯጥለት ነገር ብዙ ነው።» አልተቀየምኩትም። ግን የሆዴን ልናገር፤ መታሰሩን የናፈቅኩበት አርብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በልቤ ማለፉን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እሑድ ልብስ እያሰጣሁ ደወልኩለት።

«እታለም! አንቺ ነሽ? ሰንበቴ ገበያ ነኝ፤ እህል እየተጫነ ነው።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ምነው፣ ችግር አለ?»

«የለም። እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

«በይ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ፤ ኢንሻ አላህ።»

የዘጋው መስሎት ሳይዘጋው ኪሱ ከተተው። ጨርቅ ሲፋተግ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ገበያውን ሰማሁ። አንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው በአማርኛ ይምላል፣ ፍየሎች ይጮኻሉ። ኢብሬ «ቀስ! ጆንያው ይቀደዳል!» ይላል። ከዚያ አንድ ሰው የሆነ ነገር አለውና ከልቡ ሳቀ። በእነዚያ ሁሉ አርቦች እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ኢብሬ» አልኩ ቀስ ብዬ። አልሰማኝም።

የስልክ ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ አልዘጋሁትም።