በገና ነው ብዬ አባቴን ጊታር ቤት ወሰድኳቸው

አባቴ ዛሬ አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆሙ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው። ለልጄ ጊታር ልገዛ እንደሆነ መናገር ፈርቼ "በገና ነው" አልኳቸው። እሳቸውም "እንግዲያ እኔ ልምረጥላት" ብለው ተከተሉን። ምን ልበል?

ባለሱቁ በኔ አቅም የሚገዙ ሁለት ያገለገሉ ጊታሮች አወጣ። መብራት ስለጠፋ ሰክቶ መሞከር አልተቻለም። ልጄ ቀዩን አቅፋዋለች፤ ቀለሙን ወዳ እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች።

አባቴ በገና አለመሆኑን አይተው፣ የሁለቱንም ክር አንድ በአንድ እየነኩ አዳመጡ። "የቀዩ አንገት ጎብጧል፣ ድምፁ ይሻክራል። ጥቁሩን ውሰጂ ልጄ" አሏት።

"የኔታ፣ ከኔ ይበልጣሉ" አለ ባለሱቁ።

ልጄ እስካሁን ትዘላለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ቤት ስንደርስ አባቴ "ጊታሩስ ሸጋ ነው። አንቺ ምነው ዋሸሽኝ? ይህን ያህል ትፈሪኛለሽ?" ብለውኝ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እናንተስ ወላጆቻችሁን ፈርታችሁ ምን ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? ይቅርታውን ከየት እንደጀመራችሁት ንገሩኝ። ይህን የምጽፈው በራቸው ላይ ቆሜ ነው።