እንዶድ የወረደበት ወንዝ

ነቀምቴ ገበያ ስገባ የተወቀጠ እንዶድ ከሸተተኝ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው? ለአንቺ ልንገርሽ እንጂ።

ያደግሁት ጊዳ አያና ነው፤ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። ከአጥራችን ማዶ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነበረች፤ አፋን ኦሮሞ ያስለመደችኝ እሷ ናት። ወንዛችን ውስጥ ስንት ዓይነት ቀንድ አውጣ ነበር መሰለሽ! ሹሉ፣ ጠፍጣፋው፣ ምስር የሚያህለው። እኛ ግን አሸዋ ውስጥ የምትቀበረውን፣ ሁለት ክዳን ያላትን እናስበልጥ ነበር። የጓደኛዬ እናት እርጥብ ማሰሮ የምታለሰልሰው በእሷ ቅርፊት ነው፤ ጓደኛዬም ሙያውን እየለመደች ነበር።

አንድ በጋ የልጆች ሆድ ይነፋ፣ ደም ያስቀምጣቸው ጀመር። ጤና ባለሙያው መጥቶ፣ «ቢልሃርዚያ ነው፤ የምታስተላልፈው አንዷ ትንሿ ቀንድ አውጣ ናት» አለ። አገሩ መች አንዷን ከሌላዋ ይለያል! እንደ አጨዳ ደቦ ተጠራ። ሰው ሁሉ ቀንድ አውጣ ይገድላል የተባለውን እንዶድ ወቅጦ፣ እየዘፈነ ወንዙ ውስጥ ደፋው። ጓደኛዬ የሰፈሩን ሽማግሌ የጋቢ ጫፍ ይዛ፣ «ኦቦ፣ ማሎ! እባክዎ፣ የወንዙን ታችኛ ኩሬ ይተዉት፤ እዚያ ያለችው ባለ ክዳኗ ናት፤ በሽታ የላትም!» አለች።

«ለቅርፊት ብለን ልጅ እንቅበር?» አሏት። እሳቸውም እውነታቸውን ነው፤ የልጅ ልጃቸው ታሞ ነበር።

አረፋው ሲያልፍ ዓሣው ሳይቀር ተገልብጧል። ባለ ክዳኖቹ አፋቸውን ከፍተው አሸዋው ላይ ቀሩ። ሸክላ ሠሪዋ ቅርጫት ሙሉ ቅርፊት ለቀመች። ጓደኛዬ ግን፣ «ይሄ እናቴን እስከ ዕድሜዋ ያደርሳታል። እኔንስ?» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ነፍስ ያላቸውን ጥቂቶች ለቅመን በማሰሮ ውሃ ቤቷ አስቀመጥናቸው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ቀየርንላቸው፣ አሸዋ አነጠፍንላቸው። ምን ዋጋ አለው! ተራ በተራ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሸተቱ። በክረምቱ ጎርፍ ትንሿ ቀንድ አውጣ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ወንዙን መልሳ ሞላችው፤ በሽታውም አብሯት መጣ። ባለ ክዳኗ ግን አልተመለሰችም።

ኋላ ግጭቱ መጣ። እኛ ተፈናቅለን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ መጠለያ ገባን፤ እሷ እዚያው ቀረች። በቀደም ደወልኩላት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሸክላውን ትታዋለች።

«ወንዝ ግን እወርዳለሁ» አለችኝ። «ልብስ ሳጥብ እጄን አሸዋው ውስጥ እሰዳለሁ።»

«አገኘሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም። እንደሌለ እያወቅሁም እጄ ይሄዳል።»