የጎበጠው የጊታር አንገት

1964 ዓ.ም. አሥር ዓመቴ ነበር። ዛሬም አሰላ ውስጥ ባለች የጊታር መጠገኛዬ የአሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ፍሬት፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ነቅዬ የጎበጠ አንገቱን ሳሞቅ፣ የእንጨቱ ሽታ ወደዚያ ዘመን ይወስደኛል።

ወንድሜ እሁድ ሰርግ የሚጫወትበትን ጊታር ተደብቄ ስነካካ፣ ምድጃ ዳር ረስቼው አንገቱ ጎበጠ። ቀስ ብዬ ቦታው መለስኩት። ወንድሜ «ማን እንዳደረገው ባውቅ አጥንቱን ነበር የምሰብረው!» ይላል።

ጊታሩን ይዘንላቸው ስንሄድ፣ ዱላ የሚያቀኑት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ክሩን ፈትተው፣ አንገቱን እንደ ዱላ ቅቤ ቀብተው በፍም አሞቁና ከቀጥ ያለ ጣውላ ጋር አሰሩት።

«ረጋ በል አንተ! እንጨት ሳይሞቅ ከጎተትከው ይሰበራል። ልጅም ያው ነው» አሉት ወንድሜን፣ እኔን እያዩ። ግማሹ ነው የገባኝ።

ቅቤውን ትቻለሁ እንጂ ሙያዬ የሳቸው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው።

በነጋታው ጠዋት ከጣውላው ሲፈታ አንገቱ ቀጥ ብሏል። ወንድሜ ክሩን ሳይወጥር «ያጎበጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት።