በእጅ የተመዘነው ልጅ

«አልጨመረም» አለች ነርሷ።

አያቲቱ ልጁን ክሊኒክ ያመጣችው ለሳሉ ነበር። ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውም የገባ ልጅ ሁሉ ስለሚመዘን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወሬው እሷን የሚመለከት አልመሰላትም። የልጁን ካልሲ እያጠለቀች ቀና አለች።

«ምኑ ነው ያልጨመረው፣ የኔ ልጅ?»

«ክብደቱ፣ እማማ። ዓመት የሞላው ጊዜ ሰባት ኪሎ ተኩል ነበር። ይኸው ዓመት ተኩል ሆኖት ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ ነው። ይሄ ጨመረ አይባልም። ባለበት ቆሟል።»

አያቲቱ ክው አለች። ካልሲው እጇ ላይ ቀረ።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አለች ቀስ ብላ። አልተቆጣችም። ጎረቤት ቤት ገብቶ ወተት ሲገነፍል ያየ ሰው የቤቱን እመቤት ቀስ ብሎ እንደሚጠራት ነበር አነጋገሯ።

ነርሷም አልተቀየመችም። ከመስኮቱ ጥግ ያልተከፈተ ባለ አንድ ሊትር ውሃ አንስታ ሚዛኑ ላይ አቆመችው። ቁጥሩ አንድ ኪሎን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። «ይኸው፣ ራስዎ ይዩት።»

አያቲቱ ጠርሙሱን አነሳችው። ለማረጋገጥ ብላ አይደለም፤ እጇ ያገኘውን ሁሉ ማንሳት ስለለመደ ነው። እጇም እንደ ልማዱ ሳይጠየቅ ተናገረ። ኪሎ ተኩል፣ ቢያንስ።

ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችው። 

ይህች ሴት በምትሠራበት ዳቦ ቤት «እትዬ ሚዛን» ነው የምትባለው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ከቤተሰብ ውጪ ብዙ ሰው የለም። ባሏ እዚያው ጋጋሪ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ሲሞትባት ሕፃን ልጇን ይዛ በእሱ ቦታ ገባች፤ ከሊጡ ጠረጴዛ ፊት ቆመች፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። ሥራዋ ከማቡኪያው የወጣውን ሊጥ በየዳቦው መጠን መቁረጥ ነው። ትቆርጣለች፣ በመዳፏ አንዴ ወደ ላይ ነጠር ታደርገዋለች፣ ትለቀዋለች። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሁሉ እሷ ዞር ስትል አንዱን ድቡልቡል ሊጥ ሰርቆ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ አንገቱን እየነቀነቀ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ሚዛኑ ራሱ ሥራ ፈታና ከዱቄት መደርደሪያው ሥር ተገፋ፤ ባዶ ጆንያም ተከመረበት።

ሰፈሩም በእጇ ይተማመን ነበር። ሥጋ የገዛች ሴት በዳቦ ቤቱ በኩል ታልፍና «እትዬ፣ እስቲ ያዢልኝ፣ ኪሎ ይሆናል?» ትላታለች። እትዬ ሚዛን ከረጢቱን ከፍ አድርጋ፣ «ኪሎስ ኪሎ ነው፤ ግማሹን አጥንት ግን ለውሻሽ ነው የገዛሽው» ትላለች። ሥጋ ሻጩ ይህን ሰምቶ፣ «እሷ ባለችበት መንደር ሥጋ መሸጥ ማለት ከዳኛ ጋር አንድ ግቢ መከራየት ነው» ብሎ አገሩን ሁሉ አስቋል።

ልጇ አድጋ ልብስ ፋብሪካ ገባች፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሹፌርም አገባች። ስታረግዝ መንታ ነው ተባለ። ጊዜያቸው ሳይደርስ፣ ሁለት ወር ቀድመው መጡ። ወንድና ሴት። ሁለቱም ከአንድ መዳፍ አይበልጡም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በየማለዳው እየተነሱ ሚዛን ላይ ይጋደማሉ፤ እናታቸው ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ ቁጥሩን ትጠብቃለች። የልጁ ትንሽ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። የልጅቷ ግን ወረደ። በማግስቱም ወረደ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የተመዘነው ልጁ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ እናትየው ሚዛን ማየት አልቻለችም። ልጁ ዓመት ሞልቶት ሲመዘን ከክሊኒኩ መተላለፊያ ግድግዳ ተደግፋ አስመለሳት። ያን ቀን ነው እትዬ ሚዛን የልጅዋን ጀርባ እያሻሸች፣ «ተይው በቃ። የሱን ሚዛን ለኔ ተይልኝ። እኔ እያለሁ ልጄ ለምን ትሳቀቃለች?» ያለቻት።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እናትየው ፋብሪካ ከመሄዷ በፊት አያቲቱ ልጁን በብብቱ ይዛ ታነሳዋለች። ድቡሌ ነው የምትለው፤ መልኩ ስሙን ይከተል ብላ። «ድቡሌ፣ ና እስቲ። ውይ! ዛሬ ደግሞ ከበድ ብሏል!» እናትየው ይህን ሰምታ ፊቷ ይፈታል፤ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። ክሊኒኩ በየወሩ አምጡት ብሎ ነበር። ገንፎው ላይ ዘይት ጨምሩበት፣ እንቁላል አይለየው፣ ትንሽ ትንሽ ግን ቶሎ ቶሎ አብሉት ብሎ ነበር። መጀመሪያ አደረጉት። ልጁ «እየከበደ» ሲሄድ ግን ዘይቱ ተረሳ፤ አፉን ሲዘጋም «አታስጨንቁት፣ ጠግቦ ነው» መባል ጀመረ። ቀጠሮውም ቀረ። ልብሱ አልጠበበውም፤ ቢሆንም ቀድሞ የተወለደ ልጅ ትንሽ መሆኑን ማን አያውቅም?

«ትንሽ መሆኑ አይደለም ያሳሰበኝ» አለች አሁን ነርሷ፣ የልጁን ሆድ እየነካካች። «ቀድሞ የተወለደ ልጅ ዕድሜው ራሱ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ከእኩዮቹ ቢያንስም በራሱ መንገድ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ከሄደ ደግ ነው። መቆሙ ነው ክፉው። እማማ፣ ቀጠሮውን ለምን ቀራችሁ?»

እትዬ ሚዛን ካልሲውን ለልጁ አጠለቀችለት። ልጁን አዝላ ወጣች።

ቤት አልሄደችም። እግሯ በቀጥታ ዳቦ ቤት ወሰዳት። የቀትሩ ሊጥ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በእሷ ፈንታ የሚቆርጠው ደግሞ የፉርኖው ሠራተኛ ነበር። ቀጭን ስለሆነ ጭራሮ ይሉታል።

«እትዬ! ዛሬ አርፋለሁ አላሉም? ወይስ እኔን ሊሰልሉ ነው የመጡት?»

አልመለሰችለትም። ድቡሌን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ከመደርደሪያው ሥር ጆንያዎቹን ጎተተች፤ ሚዛኑን አወጣች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ከሊጡ ቆረጠች፣ ነጠር አደረገች። ልክ ነው አለ እጇ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

ጎደለ። ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ሩቡ ያህል የለም። ሌላ ቆረጠች። ጎደለ። ሦስተኛውን ቆረጠች። እሱም ጎደለ።

ዘወር ስትል ጭራሮ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከሚዛኑ ይልቅ እሱ ነው ያስደነገጣት። አለመገረሙ።

«አንተ… ታውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ… ሊጡ ነው ብዬ…»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«ከቆየ ነው» አለ ጆሮውን እያከከ። «እርስዎ ቆርጠው ሲያሳልፉ እኔ ሳድቦለብል ቆንጠር እያደረግኩ እጨምርበታለሁ። ደንበኛ ሳያጉረመርም።»

«ሰው ነኝ ብለህ ዝም አልከኝ?»

«እና ምን ልበል? እትዬ ሚዛን፣ ሚዛንዎ ጎድሏል ልበል? እኔን ሥራ ያስተማረ እጅ እኮ ነው! እንዲህ የሚል ምላስ የማን ነው?»

«በዚህ እጅ እኮ ነው ልጅ ስመዝን የከረምኩት» አለች።

ጭራሮ ወደ ጆንያው ዞረ። ድቡሌ ዱቄት የነካ ጣቱን እየጠባ ያየዋል። ጭራሮ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው ነበር። አሁን ግን ፉርኖው ውስጥ ያለው ዳቦ እስኪጠቁር ድረስ እዚያው ቆሞ ቀረ።

የፋብሪካው በር ላይ ሠራተኞቹ ሲወጡ ልጅዋ እናቷን ከነልጁ አየቻትና ሮጠች። «ምነው? ምን ሆነ? ሳሉ ነው?»

እትዬ ሚዛን ነገር ማለዘብ አታውቅም። «ሳሉ ደህና ነው። አልጨመረም ልጄ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምንም አልጨመረም።»

ልጅቷ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ሰው በአጠገባቸው ያልፋል። «ዛሬ ጠዋት ከበደ አልሽኝ እኮ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ትናንትም። በየቀኑ!»

«እጄ ነው ያለኝ። አልዋሸሁሽም።»

«አውቃለሁ አልዋሸሽም! ብትዋሺኝማ እጠራጠርሽ ነበር። እማዬ፣ እኔ በዚህ ዓለም ላይ ካንቺ እጅ ሌላ ምን አምኛለሁ?»

ድቡሌ እናቱን አይቶ ይንጠራራ ጀመር። አያቲቱ ከጀርባዋ አውርዳ ልታቀብላት በብብቱ አነሳችው። ከደረቷ በላይ ከፍ ማድረግ አቃታት። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷ ብድግ ብላ ባትቀበላት ኖሮ ይወድቅ ነበር። ነጠላዋም ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወረደ።

ልጅቷ ልጇን አቅፋ እናቷን ማየት ጀመረች። ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ እያደሩ፣ እንዲህ አይታት አታውቅም። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። የቀሚሷ እጅጌ ክንዷን ከብቦ ባዶውን ይወዛወዛል። እጇን ዘርግታ የእናቷን አንጓ ያዘች፤ ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ፣ አልፈውም ተደራረቡ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«ምን ሆንኩ?»

«እማዬ… እሱ እኮ አይደለም የከበደው…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

እትዬ ሚዛን አንጓዋን በልጅዋ ጣቶች ውስጥ አየችው። የሌላ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው። ስንት ጊዜ ነው ደረጃው ረዘመ ያለችው? ባልዲው ተቀይሯል ወይ ብላ የጠየቀችውስ? ለካ ዓለም ሁሉ እየከበደ ሲመጣ አንድም ቀን ራሷን አልጠረጠረችም።

በማግስቱ ሦስቱም አብረው ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ልጁን መረመረ፤ ደሙ እንዲታይ አዘዘ፤ አመጋገቡን ከሥር ጀምሮ አስረዳቸው። ከዚያ ዐይኑ አያቲቱ ላይ አረፈ። እሷም የደም ምርመራና የደረት ፎቶ እንድታደርግ አዘዘ። የልጁ ደም ደህና ወጣ። ጉድለቱ የምግብ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ። ዘይቱ ተመለሰ፣ እንቁላል ይፈረፈራል፣ የለውዝ ቅቤ በጣት ጫፍ ይቀርባል። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» ይባላል። ድቡሌ ከንፈሩን ይገጥማል። «ይሄ ልጅ አፉን የሚዘጋው እንደ በዓል ቀን ባንክ ነው» ትላለች አያቱ፤ ማንኪያውን ግን አታወርድም። ፊቷ ላይ ይተፋባታል፤ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ግን አታነሳውም። ሲንጠራራባት ቁጭ ትልና ጭኗ ላይ እንዲወጣ ትጠብቀዋለች።

በወሩ ሲመዘን እናትየው ራሷ ገባች። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ለቀቀችው፤ ልጁንም በገዛ እጇ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል እንባዋ ቁጥሩን ጋረደባት። እትዬ ሚዛን በሩ ላይ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ቆማለች።

«ደስ ይላል!» አለች ነርሷ። «እማማ፣ ደሙንስ ሰጡ? ፎቶውስ?»

«የኔ ይደርሳል። እሱ ዘጠኝ ኪሎ ይግባልኝ፣ ያኔ እመጣለሁ።»

«እማዬ!» አለች ልጅቷ።

«አልኩ እኮ፣ እመጣለሁ።»

ልጅቷ ለምናለች፤ ተቆጥታለች፤ ባሏን ከመንገድ በስልክ አስለምናለች። ጭራሮ ሳይቀር፣ «እትዬ፣ እንዳልዋሽዎት አስምለውኝ የለ? እንግዲህ አልዋሽም፣ ደህና አይደሉም» ብሏታል። ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦ፣ ሁለት ጊዜም ልጁን የሚያበላው የለም ብላ ቀርታለች። ሳሉ አሁን የእሷ ሆኗል።

ልጁ ገና ዘጠኝ ኪሎ አልሞላም። እሷም እስከ ዛሬ አልተመረመረችም።